ከመራድ እስከ መርዳት

በመስከረም 2017 ዓ.ም. የጀመረው የአዋሽ ፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ ወራት ፈጅቷል። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል፣ ከምድር ሥር መንገድ የሚፈልገው ቅልጥ አለት ላዩን እየሰነጠቀ ቆይቶ ታኅሣሥ 26 ቀን መጠኑ 5.8 ያህል፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 ያህል የሆነ መንቀጥቀጥ አስከተለ። አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በሌሊት ደረጃ ወረደ። ታች ግቢው ውስጥም ጎረቤት ጎረቤቱን «ንዝረቱ ተሰማህ?» «እትዬ፣ ለእርስዎስ ተሰማዎት?» ሲባባል አመሸ። በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ ቀበሌዎች ግን ነገሩ ከወሬ ያለፈ ነበር። ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ መንገድ ተተረተረ፣ ከመሬት እንፋሎት ተነሣ። መንግሥትም 80 ሺህ ያህል ሰው በአደጋው አካባቢ እንደሚኖር ገልጾ ነዋሪውን ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ማዛወር ጀመረ።

በዚያ ሰሞን የዜናው አማርኛ ከጥቂት ቃላት አልወጣም፦ ርዕደ መሬት፣ አደጋ፣ ተፈናቃይ፣ መጠለያ፣ እርዳታ፣ መልሶ ማቋቋም። ሁልጊዜ ተያይዘው ስለሚመጡ ባንድ ቀን የተወለዱ ይመስላሉ። ዕድሜያቸውም ትውልዳቸውም ግን ለየቅል ነው። አንዳንዱ የገዳም ቃል ነው፣ አንዳንዱ የጦር ሜዳ፣ አንዳንዱ የድንጋይ ፈንቃይ።

በ«ርዕደ መሬት» እንጀምር። ቃሉ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ በግእዝ ዘርፍና ባለቤት ሥርዐት የተቀናበረ። ሥሩ ር-ዕ-ድ ሲሆን ግእዝ መንቀጥቀጥን «ረዓድ» ይለዋል። አማርኛ ጉሮሮ ላይ የሚነገሩትን ድምፆች በጊዜ ብዛት ስለጣለ መካከለኛው ዐይን ጠፍቶ «ራደ» ሆነ። ሰሐበ ሳበ፣ መሐረ ማረ፣ ለአከ ላከ እንደሆኑት ማለት ነው። ዛሬም ሰው ሲያረጅ እጁ ይርዳል፤ የፈራ ሰው ጉልበቱ ይርዳል። ሥሩ በዘመድ ቋንቋዎችም አለ። ዐረብኛ ነጐድጓድን «ረዕድ» ይላል። ዕብራይስጥ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥን በቀጥታ «ረዒዳት አዳማ» ይለዋል። ከጎንደር ሄዶ እስራኤል የሚኖር ቤተ እስራኤላዊ ይህን በዜና ሲሰማ የመጀመሪያውን ቃል ሳይተረጎምለት ያውቀዋል፤ የቅዱስ መጽሐፉ ግእዝ ነውና። «አዳማ»ን ግን ከእኛይቱ አዳማ ጋር እንዳያገናኘው። በዕብራይስጥ «አዳማ» ምድር ማለት ነው፤ በስምጥ ሸለቆው አፍ ላይ የተቀመጠችው ከተማ ስሟን ያገኘችው «አዳሚ» ከሚባለው የኦሮምኛ ቁልቋል ነው። መገጣጠሙ ያስገርማል እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ተራው ሰው «ርዕደ መሬት» አይልም፤ «መሬት ተንቀጠቀጠ» ነው የሚለው። በእኔ ጆሮ ይሄኛው ይበልጣል። አማርኛ «ተን» ብለው የሚነሡ ብዙ የእንቅስቃሴ ግሦች አሉት፦ ተንገዳገደ፣ ተንከባለለ፣ ተንሰፈሰፈ፣ ተንደረደረ፣ ተንዘፈዘፈ። አብዛኞቹ ባለቤቱ ወዶ የሚያደርጋቸው አይደሉም፤ የሚደርሱበት ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው «ቀጠቀጠ» ደግሞ ብረት ከሚመታው «ቀጠቀጠ» ጋር በመልክ አንድ ነው፤ ያው ምት እየተደጋገመ ይሰማል። የሚገርመው መደጋገሙ የአማርኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። ግእዝ «ድልቅልቅ» ይላል። ዐረብኛ «ዘልዘላ» ይላል፤ የቁርኣን 99ኛ ምዕራፍ ስምም ይኸው ስለሆነ አማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም ቃሉን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ፈንታሌ ሥር የሚኖሩት የከረዩ ኦሮሞዎች ቋንቋ «ኪርኪራ ላፋ» ይላል። ቀጥ ቀጥ፣ ልቅ ልቅ፣ ዘል ዘል፣ ኪር ኪር። አራቱም ቋንቋ ስለ ነገሩ ከማውራት ይልቅ ነገሩን በአፉ መሥራት የመረጠ ይመስላል።

በነገራችን ላይ፣ ዜና አንባቢዎቻችን «በሬክተር ስኬል» የሚሉት ነገር ቢቀር ደስ ይለኛል። ሰውየው ቻርልስ ሪክተር ነው፤ መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1935 ካሊፎርኒያ ላይ ያወጣ የምድር ነውጥ ተመራማሪ። «ሬክተር» ሲባል የዩኒቨርሲቲ አለቃ መሬት የለካ ይመስላል። በዚያ ላይ ዛሬ ለትልልቆቹ መንቀጥቀጦች ባለሙያዎች የሚጠቀሙት በሌላ ስሌት ነው፤ «መጠኑ 6.0» ማለት ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ቃል። «ረዳ» በግእዝ ረድአ ነው። እዚህ የጠፋው ድምፅ መጨረሻ ላይ የነበረው ነው፤ ሰምዐ ሰማ፣ በልዐ በላ፣ መጽአ መጣ እንደሆነው ሁሉ ረድአም ረዳ ሆነ። እንግዲህ ተመልከቱ፦ አንዱ ሥር ር-ዕ-ድ፣ ሌላው ር-ድ-እ፤ በግእዝ ማንም አያምታታቸውም። አማርኛ ጉሮሮውን ሲያቀል ግን የቀሩት ረ እና ደ ብቻ ሆኑ። ራደና ረዳ፤ መራድና መርዳት፤ ይርዳልና ይረዳል። የሚለያቸው ጥቂት የአናባቢ ለውጥ ነው። በደም አይዛመዱም፤ በጉርብትና ግን ከዚህ በላይ አይቀራረቡም።

ከዚህ ላይ አንድ የፊደል ነገር ሳላነሣ አላልፍም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «ዕርዳታ» ተብሎ በዐይኑ ዕ ተጽፎ ይታያል፤ ክብር የሰጡት መስሏቸው ነው። በሥሩ ግን ከረ በፊት ምንም የለም። ፊት ላይ የምትሰማው «እ» አማርኛ በረ መጀመር ሲከብደው የሚያስገባት መንደርደሪያ ናት፤ ርስትን «እርስት»፣ ርጥብን «እርጥብ» የሚያሰኘን እርሷ ናት። ስለዚህ ሥሩን ለሚያከብር «ርዳታ»፣ አፉን ለሚከተል «እርዳታ» ይስማማዋል። «ዕርዳታ» ግን ከመራድ ላይ የወደቀውን ዐይን አንሥቶ በመርዳት ራስ ላይ መጫን ነው። እኔ «ርዳታ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ረድአ ስንዴ ከማደል በፊት ምን ነበር? መልሱ ገዳም ውስጥ አለ። ረድእ ማለት ከአንድ አባት እግር ሥር ያለ ታናሽ ነው። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል፣ እህል ይፈጫል፣ ሽማግሌው ሲነሡ ክንዳቸውን ይይዛል፤ በምላሹም ይማራል። ብዙው አርድእት ነው፤ ሰባ ሁለቱ አርድእት የሚባሉት የክርስቶስ ተከታዮች ስም ከዚሁ ነው። ዐረብኛም «ሪድእ» የሚል ዘመድ ቃል አለው፤ ትርጉሙ ደጋፊ፣ አጋዥ። በሁሉም ዘንድ ረጂው ከጎን ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከሚረዳው በዕድሜና በማዕርግ ያነሰ ነው። አምላክ ሲረዳ ግን ቃሉ ረድኤት ይሆንና ከላይ ይወርዳል። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ሁለቱ ተለይተው ይሰማሉ፦ ከጎን የሚመጣው ረድእ፣ ከላይ የሚመጣው ረድኤት። ዘመናዊው አማርኛ የጎኑን መልክ በየቦታው አሰማርቶታል፤ የሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራው ረዳት ነው (ወያላ የሚለው ቢበዛም)፣ ረዳት ፕሮፌሰር አለ፣ ረዳት ግሥ አለ።

ቃሉ መልኩን የቀየረው በረኃብ ዘመን ነው። በ1966 ዓ.ም.፣ የወሎው ረኃብ ካጋለጠው ጉድ በኋላ፣ «የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን» ተቋቋመ። በምኅጻር «እማማኮ» ይባል ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም እንደ አያት ስም የጣፈጠበት ዘመን ነበር ማለት ነው። በ1977ቱ ረኃብ ስሙ አገር ምድሩን አዳረሰ። ከእርሱም ጋር «ተረጂ» የሚለው ቃል ከቢሮ ወደ ገጠር ወረደ። «ተረጂ» ለሰዋስው ሊቅ አስደናቂ ቃል አይደለም፤ ድርጊት ተቀባይን የሚያመለክት ስም ነው። ለባለቤቱ ግን ካርድ ነው፣ ሰልፍ ነው፣ ወር ጠብቆ የሚመጣ የስም ጥሪ ነው። ረድእ ወጣት አገልጋይ ነበር፤ ረጂ ደግሞ ባለ መጋዘን ሆነ። ሥሩ አንድ፣ አቀማመጡ ግን ተገልብጧል።

ሰዋስዋችን ግን ሌላ በርም አለው። «ተረዳዳ» ሲባል ሁለቱም ወገን አድራጊ ነው። «መረዳጃ» የሚለው የዕድር ስም የተሠራው ከዚህ ነው፤ ዛሬ የሚያዋጣው ነገ የሚዋጣለት መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። ግእዙን መልክ የመረጡ ደግሞ «ተራድኦ» ይላሉ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ወደ መጠለያ የገባው ሰው ሁሉ ተረጂ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ውኃ ሲቀዳ ለጎረቤቱ ሽማግሌ አንድ ጄሪካን ጨምሮ የሚመለሰውን ልጅ የሚመዘግብ ቅጽ አላየሁም። የጥንቱ ረድእ ግን እርሱ ነው።

የእማማኮ ስም ከ1966 ወዲህ የተጓዘውን መንገድ መከተል ራሱን የቻለ ሥርወ ቃል ነው። በ1987 ዓ.ም. «የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን» ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ «የብሔራዊ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን» ተባለ፤ ዛሬ «የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን» ነው። መጀመሪያ የሚሰጠው ነገር ስም ሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር፣ በመጨረሻም የሚፈራው ነገር። «ሰጋ» ልብ ውስጥ የሚሆን ነገር ነው፤ እናት ልጇ ሲመሽበት ትሰጋለች። ስጋትን «ማስተዳደር» የቢሮ አማርኛ ብቻ የሚችለው ሥራ ነው። ሐሳቡ ግን ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከወደቀ በኋላ ከማደል ሳይወድቅ መስጋት ይሻላል። የከፋኝ ሌላ ነው፦ በመንገዱ ላይ «ማቋቋሚያ» የሚለው ቃል ከስሙ ወጥቶ ቀረ። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

«አደጋ» የጦር ቃል ነው። የጥንት ጦረኛ በጠላቱ ላይ «አደጋ ጣለ» ሲባል ሳይታሰብ፣ ተደብቆ ወይም በሌሊት ገሥግሦ ወረደበት ማለት ነው። ዛሬም «አደጋ ጣይ» የምንለው ያንኑ ነው። የመኪና ግጭትንና ጎርፍን የጨመረው ኋላ ነው። ለመሬት መንቀጥቀጥ ግን የድሮው ፍቺ ይስማማዋል። ድርቅ እያስታወቀ ይመጣል፣ ጎርፍም ደመና ይቀድመዋል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና መጀቴን የመታው፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአሰብ መንገድ ላይ ያለችውን ሰርዶን ያፈረሰው፣ ሁለቱም ቀን ቆርጠው አልመጡም። መጀቴ እንዳለች ነው የፈረሰችው። የእነዚህን ታሪክ ሰብስቦ ያቆየልን አዲስ አበባ ላይ የምድር ፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋመው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን ነው፤ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሟል።

«ተፈናቃይ»ን ለማወቅ ድጅኖ የያዘ ገበሬ ማየት ይበቃል። ማሳው ላይ የተቀበረ ቋጥኝ አለ እንበል፤ ድጅኖውን ከሥሩ ያስገባል፣ ሌላ ጠጠር ደግፎ ይጫነዋል፣ ድንጋዩ ከነአፈሩ ይነሣል። ፈነቀለ ይህ ነው። በዚህ ቃል ላይ «መፈንቅለ መንግሥት» ተሠርቷል፤ ዙፋንም እንደ ቋጥኝ ከሥሩ ይነሣልና። ለሰዎች ሲሆን ግን ግሡ ትንሽ ይለወጣል። ድንጋይ ተፈነቀለ እንላለን፤ ሰዎች ግን ተፈናቀሉ። «ነ» «ና» ስትሆን ነገሩ የብዙ ይሆናል፣ መበታተንም ይጨመርበታል። ስለዚህ ተፈናቃይ በሰዋስው ጠባዩ ብቻውን የሚሆን ሰው አይደለም፤ ከጎረቤቱ፣ ከከብቱ፣ ከመስጊዱ ጋር የተነሣ ነው።

ሕግ ደግሞ ከ«ስደተኛ» ይለየዋል። ስደተኛ ድንበር የተሻገረው ነው። በአገሩ ውስጥ የተፈናቀለውን የሚመለከተው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፤ በጦርነት ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮ አደጋ የተነሡትንም ይጨምራል። ችግሩ ቃሉ ሲቆይ የሚሆነው ነው። ተፈናቃይ የአንድ ሌሊት ድርጊት ስም መሆኑ ቀርቶ የዓመታት መጠሪያ ይሆናል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ «የተፈናቃይ ልጅ» ነው። መሬቱ መንቀጥቀጡን አቁሞም ስሙ አይለቅም።

«መጠለያ» ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ለአዋሽ ቆላ የሚስማማ ቃል ነው። ግእዝ ጸለለ ይላል፤ ጽላሎት ጥላ ነው። ጸ ወደ ጠ ሲዞር ጥላ፣ ጃንጥላ፣ ተጠለለ፣ መጠለያ ተወለዱ። ከዝናብም ከጥይትም በፊት ቃሉ የሚያውቀው ፀሐይን ነው። ቀትር ላይ የፕላስቲክ ሸራ ሥር ተቀምጦ የሚያውቅ ግን ስሙና ነገሩ ምን ያህል እንደተራራቁ ይመሰክራል። አፋሮች «ዓሪ» የሚሉት፣ ሴቶቹ ጎባጣ እንጨት ተክለው በሰሌን ምንጣፍ የሚያለብሱት ቤት አየር ያስገባል፣ በግመል ተጭኖ ይሄዳል፣ ቢወድቅም ሰው አይገድልም። መንቀጥቀጥ የሚፈራው ዓሪ ውስጥ ያደረው ሳይሆን የድንጋይና የብሎኬት ግድግዳ ሥር የተኛው ነው።

ወደ «ማቋቋም» ተመለስኩ። ሥሩ ቆመ ነው፤ በብዙ ሴም ቋንቋዎች ያለ ነባር ግሥ፣ ዐረቡ «ቃመ»፣ ዕብራይስጡ «ቁም» የሚለው። አማርኛ ከዚህ አንድ ግሥ ያወጣው ብዛት ይገርማል፦ ቋሚ፣ ማቆሚያ፣ ተቋም፣ አቋም፣ ተቃዋሚ። ሲደጋገም «ተቋቋመ» ይሆንና ሁለት ፍቺ ይይዛል። ማኅበር ተቋቋመ ካልን ተመሠረተ ነው፤ ወረራን ተቋቋመ ካልን ሳይወድቅ ቀረ ነው። ባለሙያዎች «መሬት መንቀጥቀጥን የሚቋቋም ሕንፃ» ሲሉና ኮሚሽኑ «መልሶ ማቋቋም» ሲል የሚያነሡት አንዱን ግሥ ነው፦ አንደኛው ሳይወድቅ፣ ሁለተኛው ከወደቀ በኋላ።

ይህ ግሥ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዜማ ሆኗል። አቋቋም የሚባለው ትምህርት መዝሙርን ከእግርና ከበትር ጋር ማስማማት ነው። ደብተራው ሌሊቱን ሙሉ የሚቆምበት በትር መቋሚያ ይባላል፤ አናቱ ላይ አግዳሚ አለው፣ ሰውነት ሲደክም ብብት ሥር ገብቶ ይደግፋል፣ ዜማው ሲነሣ ደግሞ ከብብት ወጥቶ አብሮ ይወዛወዛል። መቋሚያ ማንንም አይሸከምም፤ ቋሚው ራሱ ነው፣ በትሩ ግን እንዳይወድቅ ያደርገዋል። «መቋሚያ» ላይ አንዲት «ቋ» ስትጨመር «መቋቋሚያ» ይሆናል፦ ተፈናቃይ ሲመለስ ወይም አዲስ ቦታ ሲሰፍር የሚሰጠው ገንዘብ፣ ዘር፣ ፍየል፣ ቆርቆሮ። ቃሉን የመረጠው ሰው ሳያውቀው ልክ መርጧል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። በመንቀጥቀጥ ለተመታ ሕዝብ የመጀመሪያው ሳምንት ግሥ «ረዳ» ነው፤ ውኃ፣ ሸራ፣ ዱቄት፣ መድኃኒት። ከዚያ ወዲያ ያለው ግሥ ግን «ቆመ» ነው፤ ስንት ሰው ተረዳ ሳይሆን ስንት ሰው ተቋቋመ ተብሎ መጠየቅ ያለበት ሪፖርት። ዜናችን የመጀመሪያውን ቁጥር ሲያሳድድ ሁለተኛውን አይጠይቅም፤ ካሜራውም ከድንኳኑ ጋር አብሮ ይነሣል።

ለዜና አዘጋጆችና ለመጠለያ መዝጋቢዎች አንድ ልመና አለኝ፤ ገንዘብ አያስወጣም። «ተፈናቃዮች» ብላችሁ ስትጽፉ ከየት እንደተነሡ ጨምሩበት፦ የሳቡሬ ሰዎች፣ የሰገንቶ ሰዎች፣ የዶሆ ሰዎች በሉ። የአገሩ ስም ከሰውየው ስም ጎን ካልተጻፈ፣ የመመለሻው ቀን ሲመጣ ማን ወዴት ይመለስ እንደነበር የሚጠየቅ መዝገብ አይኖርም።